አልጋ 7

የጠየቀኝ ሦስት ወር ነበር። ገንዘብ አላለኝም፤ ሰው ይጨመርልኝ አላለኝም። በእኔ ክፍል፣ በ32 አልጋ ላይ፣ ለሦስት ወር እንዲሞክረው ፊርማዬን ብቻ ነበር የፈለገው። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው። ፊርማ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እፈርም ነበር! ለሳሙና እፈርማለሁ፤ ለጓንት እፈርማለሁ፤ ለተሰበረ ቴርሞሜትር እንኳ እፈርማለሁ። ለእሱ አልፈረምኩለትም።

ልጁ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ዓይን አፋር ነው። እኔ የሴቶች ውስጥ ደዌ ክፍል ሄድ ነርስ ነበርኩ። በሙያው 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ያን ያህል ዘመን የሠራ ሰው አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የሚሰማው አንድ ዓይነት ድካም አለ። እኔን ያጠፋኝ እሱ ድካም ነው።

በዚያ ዘመን ለኤች.አይ.ቪ. ሥራ ከአሜሪካ በመጣው እርዳታ ኮምፒውተር ወደ መንግሥት ሆስፒታሎች ይገባ ነበር። እኛም ጋ ገባ። ካርድ ክፍል ተቀመጠ፣ ፋርማሲ ተቀመጠ፣ ለየክፍሉም አንድ አንድ ደረሰ። ከኮምፒውተሮቹ ጋር የባርኮድ ማንበቢያ መጣ፤ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃችን ላይ የምታበራው፣ ሽጉጥ የሚመስለው ማለት ነው። ተለጣፊ ወረቀት የሚያትም ትንሽ ማተሚያም ነበረው። ሥልጠናው አምስት ቀን ፈጀ። ሄድን፣ አበላችንን ፈርመን ወሰድን፣ ሰርተፍኬታችንን ይዘን ተመለስን። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ውስጥ ሐኪሙ ኦርደር የሚያስገባበት፣ ነርሷም የሰጠችውን መድኃኒት የምትመዘግብበት ገጽ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሞከርነው። ችግሩ ወረቀቱም አለመቅረቱ ነበር። በኮምፒውተር ያስገባነውን ደግመን በወረቀት እንሞላለን። ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚገልጠው ወረቀቱን ነውና ወረቀቱ ይቅር ብሎ የሚወስን ሰው ጠፋ። ሌሊት ለ32 ታካሚ ሁለት ነርስ ናቸው። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ጻፉ ሲባሉ ልጆቹ አጉረመረሙ፤ እውነታቸውን ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ «ወይ ወረቀቱን አስቀሩልን፣ ወይ ኮምፒውተሩን ውሰዱት» ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። እኔ ግን ወደ ልጆቹ ዞሬ «ተዉት፣ ወረቀቱን ብቻ ሙሉ» አልኳቸው። ነገሩ በዚህ ቀላል ሆነልን። ኮምፒውተሩ ለወር መጨረሻ ሪፖርት ብቻ የሚከፈት ሆነ። አቧራ እንዳይገባበት ብለን ከላይ ዳንቴል አለበስነው። አሁን ያን ዳንቴል ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል። አስከሬን ገንዘን ነበር ያስቀመጥነው።

ልጁ የመጣው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ራውንድ አልቆ ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ በሩ ላይ ቆመ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?» አለኝ።

አንድ ተለጣፊ አትሞ በራሱ አንጓ ላይ ለጥፏል። ማንበቢያውን አስጠጋው፤ ጢጥ አለ። ሌላ ቁጥር ያለበትን የመድኃኒት ወረቀት አነበበበት፤ ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ ገጹም ቀላ። «መድኃኒቶቹ ላይ ባርኮድ እንደሌለ አውቃለሁ። ግድ የለም፤ ለጊዜው ሰዉ ላይ ይኑር» አለኝ። ታካሚዋ ስትተኛ አንጓዋ ላይ ቁጥር ይታሰራል። ያው ቁጥር መድኃኒት የሚሰጥበት ወረቀቷ ላይና የኢንሱሊን ጠርሙሷ ላይ ይለጠፋል። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ሁለቱን ታስነብባለች፤ ካልገጠሙ አትሰጥም። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሰዓቱን ይመዘግባል። እንዲያውም የእሱ አሠራር ያንን ሁለት ጊዜ መጻፍ የሚያስቀር ነበር! ይህን እንኳ ልብ ብዬ አልሰማሁትም።

«ልጄ፣ እኛ የጎደለን ሰው ነው፤ ማሽን አይደለም» አልኩት። «ደግሞ እኔ ታካሚዎቼን በመልካቸው ነው የማውቃቸው።»

ከዚያም፣ እንዳላስቀይመው፣ «እስቲ ከገና በኋላ እናየዋለን» አልኩት። የታተመ ጥናት ሰጥቶኝ ሄደ። ከገና በኋላ መጣ። «ከፋሲካ በኋላ» አልኩት።

እውነት ለመናገር ታካሚዎቻችንን በመልክ አናውቃቸውም ነበር። በአልጋ ቁጥር ነው የምናውቃቸው። «አልጋ 12 ትኩሳት አላት»፣ «አልጋ 4 ካኑላዋ ወጥቷል»፣ «አልጋ 20 ትወጣለች»። ትምህርት ቤት ያስተማሩን አምስቱ ትክክሎች፣ ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት፣ ግድግዳችን ላይ ተለጥፈው ነበር። የመጀመሪያው ትክክል ታካሚዋ ናት። እኛ ግን መርፌ ይዘን የምንሄደው ወደ አልጋው ነው። አልጋ ደግሞ ሰው ይቀያየርበታል።

መጋቢት ገባ። ዐቢይ ጾም ነው። አልጋ 7 ላይ እግራቸው ቆስሎ የተኙ የስኳር ታማሚ እናት ነበሩ፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። አልጋው መስኮት ሥር ስለሆነ ብርዱ አስቸገራቸው። አልጋ 9 ላይ ደግሞ የሳንባ ምች ይዟቸው ከገጠር የመጡ፣ 60 ያለፋቸው እናት ነበሩ። እየተሻላቸው ነው፤ የቀራቸው የሁለት ቀን መድኃኒት ነው። «እኔ ደጋ ያደግሁ ነኝ፣ ብርድ ምን ይለኛል፤ እሷ ትምጣ እዚህ» ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ቦታቸውን ለቀቁላቸው። የማታ ተረኞች አቀያየሯቸው። ለሌሊት ተረኞች በቃል ተነግሯል ተባለ። መድኃኒት የሚሰጥበት ወረቀት ላይ ግን «አልጋ 7» እንዳለ ቀረ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሥራ የማትሰርቅ፣ ታካሚ የምትወዳት። ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ አድራለች። ስሪንጁ ውስጥ ከሁለቱም ዓይነት የተቀዳ 30 ዩኒት ኢንሱሊን አለ። «እማማ፣ ሰባት ነዎት አይደል?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ» አሏት፤ እውነት ነው፣ አልጋ 7 ላይ ነበሩ። እጃቸውን ዘረጉላት። የገጠር እናት ነጭ የለበሰች ልጅ መርፌ ይዛ ስትመጣ ለምን ብላ አትጠይቅም። «ፈውስ ያድርግልኝ» ብለው ተወጉ።

ዶክተሩም እኛም ብንለምናቸው ጾሙን አልተውም ብለው ነበር። እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም።

4 ሰዓት ግድም አላባቸው። ልጃቸው ጎናቸው ነበረች፤ የምታስታምማቸው እሷ ናት። ላባቸውን በነጠላዋ ጠረገችና ደስ አላት። «ላብ ወጣላት፤ ትኩሳቱ ለቀቃት ማለት ነው» ብላ ለጎረቤት አስታማሚዎች ነገረቻቸው። እነሱም እሰይ አሉ። ጋቢውን አልብሳ፣ እንዳይቀሰቅሷቸው ብላ፣ አጠገባቸው ዝም ብላ ተቀመጠች። እኔ ሁለት ጊዜ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ተኝተዋል ብዬ ነው ያለፍኩት።

5 ሰዓት ተኩል ላይ አንቀጠቀጣቸው። ጥርሳቸው ገጠመ። የሳንባ ታማሚ ናቸውና የሮጥነው ወደ ኦክስጅን ነው። ስኳር ማን ያስብ! ግርግሩ መሐል አልጋ 9 ላይ የተኙት እናት ቀስ ብለው ጠሩኝና «ልጄ፣ በዚህ መሐል መናገሬ ይቅር ይበለኝ፤ የጠዋት መርፌዬን ግን ዛሬ ረሳችሁኝ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የቆምኩበት መሬት ከዳኝ።

የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ክፍላችን ውስጥ አልቋል። ከድንገተኛ ክፍል እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ሄደ? ሲለካ ቁጥር አልነበረም፤ መሣሪያው ከ20 በታች ሲሆን የሚያወጣው ጽሑፍ ነው የመጣው፤ ዝቅተኛ ብሎ። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ሰጠናቸው። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ እሳቸው ግን አልነቁም። በአራተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። ልጃቸው «እምዬ» ስትላቸው ወደ መስኮቱ ያያሉ። አእምሮ ስኳር አጥቶ ከቆየ የሚከተለው ይኸው ነው። ያቺን ልጅ ከዚያ በኋላ በስሟ አልጠሯትም።

ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ሌሊቱን ተረኛ የነበሩትን ስም ለመገልበጥ የመጋቢቱን የተራ ፕሮግራም ከግድግዳው ነቀልኩት። ወረቀት እጥረት ስለነበረብን ፕሮግራሙን የምሠራው በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ገለበጥኩት። ልጁ በጥቅምት የሰጠኝ ጥናት አንድ ገጽ ነበር። ሳላነበው ጀርባውን ጽፌበታለሁ።

ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ሌሎቹንም ገጾች ከመሳቢያ ለቃቅሜ አነበብኩ። ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነው። 14,041 ጊዜ መድኃኒት ሲሰጥ ቆመው ተመልክተዋል። የሰዓት መዛባትን ሳይጨምር፣ በባርኮድ በማይሠራባቸው ክፍሎች ስህተቱ 11.5 በመቶ ነበር፤ በሚሠራባቸው 6.8 በመቶ ሆነ። ታካሚውን ሊጎዱ ይችሉ የነበሩት ስህተቶች ከ3.1 ወደ 1.6 በመቶ ወረዱ። ከሐኪሙ ኦርደር ወደ ነርሷ ወረቀት ሲገለበጥ የሚፈጠረው ስህተት 6.1 በመቶ የነበረው ጭራሽ ጠፋ፤ የሚገለበጥ ወረቀት የለማ! የእኛ አልጋ 7 ምንድን ነበር? ወረቀት ላይ ሳይስተካከል የቀረ አንድ ቁጥር። ይህ ሁሉ አምስት ወር ሙሉ ግድግዳዬ ላይና መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

በኋላ ስለ ነገሩ አመጣጥ ሳነብ ደግሞ የባሰ ቆጨኝ። መድኃኒትን በባርኮድ የማመሳከሩን ሐሳብ ያመጣችው እንደ እኔው ነርስ ናት። ሱ ኪኒክ ትባላለች፤ በካንሳስ፣ ቶፒካ ከተማ፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የምትሠራ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው የመኪናውን ባርኮድ በእጅ ማንበቢያ ሲያነብ አየች። መኪና እንዳይሳሳት እንዲህ ከተደረገ ለታካሚ ለምን አይሆንም ብላ ወደ ሆስፒታሏ ተመለሰችና አለቆቿን ጎተጎተች። እዚያው ቶፒካ ተሞከረ። አሥር ዓመት ሳይሞላው በመላው አሜሪካ ባሉት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ዋለ። እሷ ከመንገድ ያየችውን ይዛ ሄደች። እኔ ቢሮዬ ድረስ ተሸክመው ያመጡልኝን መለስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት እኔን ነው።

ነርሷን ምን አደረግናት? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት፤ ደመወዟም ተቀጣ። ደብዳቤው በእኔ በኩል ነው የወጣው። ለእሱ ፈረምኩ። በደብዳቤው ውስጥ «በቸልተኝነት» የሚል ቃል አለ። ቸልተኛዋ ማን እንደነበረች የማውቅ እኔ፣ ያን ቃል ለሌላ ሰው ፈርሜ ሰጠሁ። ሙያዬን ከጀመርኩ ያፈርኩበት ፊርማ ቢኖር እሱ ነው።

ነርሷ ዓመት ሳይሞላ ዲቪ ደርሷት ሄደች። ሜሪላንድ ናት። መጀመሪያ አዛውንት እየጠበቀች ኖረች፤ በኋላ ተፈትና በነርስነት ተቀጠረች። አንድ እሑድ ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ ዛሬ ማሽኑ እምቢ አለኝ» አለችኝ። መድኃኒቱን ይዛ ገብታ፣ የታካሚውን አንጓ ስታነብ ገጹ ቀልቶ ጮኸባት። የጎረቤቱ ክፍል ሰው መድኃኒት ነበር የያዘችው። «እጄን ያዘኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። እኔም እሷም ያሰብነው አንዲትን ሴት ነው፤ ስማቸውን ማናችንም አልጠራንም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሳነሣ «አሜሪካኖቹም እኮ ይሳሳታሉ» ይሉኛል። ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ናሽቪል ላይ ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ ማረጋጊያ መድኃኒት ልትወስድ ብላ፣ የመድኃኒት ማውጫ ማሽኑን ጥበቃ አልፋ፣ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት አውጥታ ሰጠች፤ ታካሚዋ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላት። ነርሶች ስካነሩን ለመሸወድ የሚፈጥሯቸውን 15 ዓይነት መንገዶች የዘረዘረ ጥናትም አለ፤ የታካሚውን ባርኮድ ሌላ ቦታ ለጥፎ ከዚያ ማንበብን ይጨምራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የናሽቪሉ ነገር የሆነው የባርኮድ ማንበቢያ ባልነበረበት የምርመራ ክፍል ነው። ማንበቢያው ያልደረሰበት አንድ ክፍል ቀርቶ፣ አደጋው በዚያው በኩል ገባ። እኛ ጋ ሆስፒታሉ በሙሉ እንደዚያ ክፍል ነው። «እነሱም ይሳሳታሉ» የሚለው ቃል የእኔን ጥፋት አይሸፍንልኝም።

የእኔ ክፍል ብቻም አልነበረም። ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት የአሰጣጥ ስህተት 56.4 በመቶ ደርሷል። ጅማ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የተሠራው ደግሞ 51.8 በመቶ አገኘ። ግማሹ ማለት ነው። አብዛኛው ስህተት ሰው አይገድልም፤ ሰዓቱ ያለፈ፣ ያልተመዘገበ፣ የተዘለለ መድኃኒት ነው። ቢሆንም እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ስህተት ከሌላው ተለይቶ በምን ይታያል? የእኛም ያልታየው በዚህ ነው።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የመረጃ አብዮት ተባለ። ተሠርቷል፣ አልክድም፤ ዛሬ የጤና ጣቢያ የወር ሪፖርት በኮምፒውተር ወደ ላይ ይሄዳል። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ መድኃኒት ባርኮድ የሚመክር አፍሪካ አቀፍ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተደርጓል። ዜናውን በቴሌቪዥን ሳይ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ስለ አቅርቦትና ስለ ሐሰተኛ መድኃኒት ነበር የሚወራው። ካርቶኑ ከፋብሪካ እስከ መጋዘን እንዲታወቅ ይደረጋል፤ ደግ ነው። ከመጋዘኑ እስከ ታካሚዋ ክንድ ያለችው የመጨረሻዋ ስንዝር ግን የእኛ የነርሶች ናት። እሷን ልጠይቅላት የምችልበት ወንበር ላይ 19 ዓመት የሠራሁ እኔ ተቀምጬ ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያው ልጅ በዚያው በ2006 ዓ.ም. ክረምት ለቀቀ። ባንክ ቀጠረው። የአንዱ ሰው ገንዘብ በስህተት ወደ ሌላው ሒሳብ እንዳይገባ የሚጠብቀውን ክፍል ይመራል አሉኝ። ማንበቢያው ከነካርቶኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ፤ በቆጠራ ጊዜ «የማያገለግል» ተብሎ ሲመዘገብ አይቻለሁ። አንድም ቀን አላገለገለም ነበር፤ እንዴት የማያገለግል መሆኑ ታወቀ?

እናቲቱ ከእኛ ጋር ሦስት ሳምንት ቆይተው በፋሲካ ሳምንት ወጡ። ለቤተሰቡ የተነገረው «በሕመሙ ምክንያት አእምሯቸው ተጎድቷል» የሚል ነው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጅቷ እናቷን በነጠላ አዝላ እስከ በሩ ወሰደቻቸው፤ ቀላል ሆነው ነበር። አግዳሚው ላይ አስቀምጣቸው ተመለሰች። የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ አልጋ 7ን ላይላት ዞርኩ። የመጣችው ለእኔ ነው። ሁለቱንም እጆቼን ያዘችና ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው።

«ሲስተር፣ ለእናቴ የደከማችሁትን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።